የማያውቁት አገር ይናፍቃል?

ባለፈው ክረምት የአንድ የልጅነት ጓደኛችን እናት አርፈው ለለቅሶ ጅማ ወርጄ ነበር። ድንኳኑ የተተከለው ሄርማታ፣ ከገበያው ብዙም ሳይርቅ ነው። የጅማ ክረምት እንደሚታወቀው ነው፤ ሰማዩ ሲያለቅስ ለቀስተኛው ዝም ይላል። ዝናቡ ሸራውን እየደበደበ ጨዋታ አላስችል ሲል ቆይቶ ጋብ እንዳለ፣ አጠገቤ የተቀመጠው የድሮ የክፍል ጓደኛዬ፦

«ልክ እንደ ሲኒማው!» አለ። «ዝናብ ሲመጣ ቆርቆሮው እየጮኸ አክተሩ የሚናገረውን አንሰማም ነበር። ትዝ ይላችኋል?»

ትዝ ያላለው አልነበረም። ስድሳ የደፈንን ወይም ልንደፍን የተቃረብን ወንዶች ባንዴ ልጆች ሆንን። አንዱ የካውቦይ ፊልም ሲጀምር የሚፏጨውን ፉጨት አስታወሰ፤ ሌላው ፊልሙ ሲበጠስ አዳራሹ በአንድ ድምፅ የሚያወርደውን ስድብ። ከአዲስ አበባ የመጣ እንግዳ ደግሞ የእርሱን ከተማ ቆጠረልን፦ ሲኒማ ኢትዮጵያ፣ ኢምፓየር፣ አድዋ፣ አምባሳደር፣ ራስ። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ አሮጌ ቤቶች ሲፈርሱ ቆሞ እንዳለቀሰም ነገረን። «የልጅነታችን ሲኒማ ጠፋ!» ተባለ። ራስ ተነቀነቀ፤ ከንፈር ተመጠጠ።

ቡና የምታዞረው ታላቅ እህቴ ነበረች። ሲኒውን እያቀበለችን «መቼ ጠፋ?» ብላ ጠየቀች። ሁላችንም ቀና አልን። «የጠፋው ለእናንተ ነው። ለእኔ ድሮም አልነበረም» አለችና ወደሚቀጥለው ሰው አለፈች።

ወንዶቹ ሳቁ። እኔን ግን ሳቁ አልመጣልኝም። የዛሬ አርባ አምስት ዓመት ወደዚያ አዳራሽ የገባሁበት ሃምሳ ሳንቲም የማን እንደ ነበረ አውቃለሁና።

አበው «የማያውቁት አገር አይናፍቅም» ይላሉ። ተረቱ እውነት ከሆነ እህቴ ስለ ሲኒማው የምትናፍቀው ነገር የላትም፤ ኀዘኑም የእኛ የገባነው ብቻ ነው። ተረቱ ስሕተት ከሆነ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ያልገባችውም ትናፍቃለች ማለት ነው፤ ምናልባትም ከእኛ አብልጣ። ያኔ ጥያቄው ከባድ ይሆናል፦ የጠፋን ነገር ለማዘን መብት ያለው ማን ነው? የነበረው ወይስ የተከለከለው? ከዚያም በላይ፣ የነበረው ሰው ለተከለከለው ሰው ምን ዕዳ አለበት?

ከጅማ ከተመለስኩ ጀምሮ ይህን ሳብሰለስል ከረምኩ። መልስ አገኘሁ አልልም። ያገኘሁትን ያህል ግን አንባቢ ይፍረደኝ።

* * *

ሄርማታ ሲኒማ ሳይኖርም የሰው መገናኛ ነበረች። ከ1870 ዓ.ም. ጀምሮ ከሃምሳ ዓመት በላይ ጅማን የገዙት ዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥታቸው ጅሬን ኮረብታ ላይ ሲሆን፣ ገበያቸው ግን ከታች ሄርማታ ነበር። ከከፋ፣ ከሊሙ፣ ከጎማና ከጌራ የሚመጣው መንገድ ሁሉ እዚህ ይገናኛል። ቡና፣ ማር፣ ዝባድ፣ የዝሆን ጥርስ፣ አሞሌ ጨው ይለወጥ ነበር። ሰውም ይሸጥ ነበር። ይህን የመጨረሻውን ዐረፍተ ነገር ስለ ድሮው ሄርማታ በፍቅር የሚያወሩ ሰዎች ሲዘሉት ሰምቻለሁ፤ እኔም ብዙ ጊዜ ዘልዬዋለሁ። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ጅማን ያጠናው አሜሪካዊው የሥነ ሰብእ ተመራማሪ ኸርበርት ሉዊስ በደህና የበጋ ቀን ገበያው እስከ ሠላሳ ሺህ ሰው ይስብ እንደ ነበር ጽፏል። ሐሙስ ሐሙስ መንገዱ በሰውና በአጋሰስ ተሞልቶ መተላለፊያ የሚጠፋበትን ዘመን እኛም ደርሰንበታል።

ሲኒማ ወደዚህች ከተማ የገባው ከወራሪ ጋር ነው። ጣልያን ጅማን የደቡብ ምዕራቡ ግዛቱ ዋና ከተማ አድርጎ እስከ ሰኔ 1933 ዓ.ም. ተቀመጠባት። መንገድ ቀደደ፣ መሥሪያ ቤት ሠራ፣ ለራሱ ወታደርና ሲቪል መዝናኛ ደግሞ ሲኒማ። በአዲስ አበባም እንዲሁ ነበር። ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለውና በ1948 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስም የተከፈተው አዳራሽ መሠረቱ ጣልያን «ሲኒማ ማርኮኒ» ሊያደርገው የጀመረው ነው። የፋሽስቱ መንግሥት ነጭና ጥቁር አብረው እንዳይቀመጡ ያደረገው በልማድ ብቻ አልነበረም፤ በሕግም ነበር። በ1931 ዓ.ም. የወጣው የዘር ሕግ ለአገሬው ሰው ተለይቶ በተመደበ የሕዝብ መሰብሰቢያ ውስጥ የተገኘውን ጣልያናዊ እስከ መቅጣት ይደርስ ነበር። እንግዲህ ሲኒማ በአገራችን ከተሞች ሲስፋፋ ከአዳራሹ ቀድሞ የታሰበበት በሩ ነው ብል አላጋነንኩም። ማን ይግባ፣ ማን ይቅር።

በእርግጥ የበሩ ታሪክ ከጣልያን በፊትም ይጀምራል። አዲስ አበባ ውስጥ የመጀመሪያው ሲኒማ ሲከፈት ሕዝቡ ያወጣለት ስም «ሰይጣን ቤት» ነበር። ያን ጊዜ በሩን የዘጋው የውስጡ ሰው ሳይሆን የውጭው ነው፤ በፍርሃትና በእምነት። በሩ አንዴ በፍርሃት፣ አንዴ በቀለም፣ አንዴ በገንዘብ፣ አንዴ በጾታ ተዘግቷል። ቁልፉ ተለዋወጠ እንጂ በሩስ በር ነው።

ፕላቶን ሰዎች በዋሻ ውስጥ ተቀምጠው በግድግዳ ላይ የሚንቀሳቀስ ጥላ ሲያዩ የሚኖሩበትን ምሳሌ ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት ጽፎልናል። ሲኒማን ያየ ሰው ሁሉ ይህን ምሳሌ ያነሣል። ፈላስፋው የተጨነቀው ከዋሻው እንዴት እንደሚወጣ ነው። አንድ ነገር ግን አልመጣለትም፦ ወደ ዋሻው ለመግባት ፈልጋ በሩ ላይ የቀረች ልጅ።

* * *

ዘመኑ 1973 ዓ.ም. ነው። እኔ አሥራ አንድ ዓመቴ፣ እህቴ አሥራ አምስት። አባታችን ገበያው ዳር በረንዳ ላይ ልብስ ይሰፋ ነበር፤ ዓይኑ እየደከመ ሲመጣ መርፌው ውስጥ ክር የማስገባቱ ሥራ የእኔ ሆነ። እህቴ ከስድስተኛ ክፍል አቋርጣ ቡና መጋዘን ገባች። ሥራዋ ከጠዋት እስከ ማታ ቁጭ ብሎ ጠጠሩን፣ ጥቁሩንና የተበላሸውን ፍሬ ከደኅናው ቡና መለየት ነው። እጇ ቡና ቡና ይሸት ነበር፤ ገላዋን ታጥባም አይለቃትም።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከምታገኘው ላይ ሃምሳ ሳንቲም ቆርጣ ለእኔ ትሰጠኛለች። ውሉ ግልጽ ነው፦ እኔ ገብቼ አያለሁ፤ ማታ መጥቼ እነግራታለሁ። ለምን ራሷ እንደማትገባ ጠይቄያት አላውቅም። ልጅ ስትሆን የዓለም ሥርዓት እንደ ዝናብ ነው፤ ለምን ዘነበ አይባልም። ሕጉ ሴት ልጅን አይከለክልም ነበር። ባለሥልጣን ከነሚስቱ፣ አስተማሪ ከነእጮኛው ይገባል። የልብስ ሰፊ ልጅ፣ ያውም መጋዘን የምትውል፣ በጨለማ አዳራሽ ከጎረምሳ ጋር ተደባልቃ ብትታይ ግን ሰፈሩ ምን እንደሚላት እርሷም ታውቃለች፤ እናታችንም ታውቃለች። በረኛው መቆም እንኳ አላስፈለገውም።

ስለዚህ እያንዳንዱን ፊልም ሁለት ጊዜ አየሁ፤ አንዴ በዓይኔ፣ አንዴ በአፌ። የሚነገረው ቋንቋ ሂንዲ ይሁን እንግሊዝኛ እኔ ምን አውቃለሁ! ከፊታቸው የገመትኩትን ነው የምነግራት። እርሷ ግን ዝርዝር ትጠይቀኛለች። «ቀሚሷ ምን ዓይነት ነበር? ስትዘፍን ቆማ ነው ተቀምጣ? ልጁ ሲመታት ማን አየ?» ያላስተዋልኩትን እያስጠየቀችኝ፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ በእርሷ ዓይን ማየት ጀመርኩ። ቀሚስ አየሁ፤ ከኋላ የቆመች ሠራተኛ አየሁ፤ በር አየሁ። ጓደኞቼ ጠብመንጃውን ሲያዩ እኔ መጋረጃውን አያለሁ። ዛሬ ሰው «ጥሩ ታስተውላለህ» ሲለኝ የማን ሥራ እንደሆነ ለራሴ እነግራለሁ።

አንድ ቅዳሜ ማዘር ኢንዲያ መጣ። መህቡብ ካን እ.ኤ.አ. በ1957 የሠራው ይህ ፊልም ከሕንድ አልፎ በአፍሪካ ከተሞች ለብዙ ዓመታት ሲታይ ኖሯል። ናርጊስ የምትጫወታት ራዳ የአራጣ አበዳሪ ዕዳ የያዛት ገበሬ ናት። ባሏ ትቷት ይጠፋል፤ ሞፈሩን ራሷ ተሸክማ ልጆቿን ታሳድጋለች። ታናሹ ልጇ ቢርጁ ሲያድግ ሽፍታ ይሆናል፤ በመጨረሻ ያንን አራጣ አበዳሪ ገድሎ የሰውየውን ሴት ልጅ በሠርጓ ቀን ጠልፎ ሊሄድ ይነሣል። እናቲቱ ጠብመንጃ አንሥታ የገዛ ልጇን ትተኩስበታለች። የመንደሩ ሴት ልጅ ክብር የእኔም ክብር ነው ብላ። ልጁ እጇ ላይ ይሞታል።

አዳራሹ ድርግም አለ። በኛ ሕግ «አክተር አይሞትም»። ያን ቀን ግን ሞተ፤ ያውም በእናቱ እጅ። አጠገቤ ያሉ ጎረምሶች ፊታቸውን በክንዳቸው ሲጠርጉ አይቻለሁ። እኔ ወደ ቤት እየተራመድኩ ምን ብዬ እንደምነግራት አሰብኩ። እህቴ በዚያ ሳምንት ታማ ነበር የሰነበተችው፤ አባታችንም የመጋዘኑን ሥራ ተይ ወይስ ቀጥይ በሚል ከእናታችን ጋር ተጣልቶ ነበር። ቤቱ ከብዶታል። እኔም ፊልሙን ቀየርኩት።

«እናቲቱ ጠብመንጃውን አነሣች» አልኳት፤ «ግን አልተኮሰችም። ልጁ አያት፤ አለቀሰ፤ ልጅቷን አውርዶ እናቱ እግር ላይ ወደቀ።»

እህቴ ረዥም ትንፋሽ ተነፈሰች። «እናት መቼ ትተኩሳለች!» አለችና ተኛች።

* * *

ከዚያ በኋላ ዘመኑ ተለዋወጠ። የጅማ ሲኒማ ሞት በአንድ ቀን የሆነ አይደለም፤ ገዳዩም አንድ አይደለም። በ1967 ዓ.ም. ከአብዮቱ ጋር ትልልቅ አዳራሾች ከባለሀብት እጅ ወደ መንግሥት ዞረው ነበር። የሰዓት እላፊ ዘመን የምሽቱን ትርዒት ቆረጠው። የውጭ ምንዛሪ ሲጠብ አዲስ ፊልም ማስገባት እየከበደ ሄደ፤ ያው አሮጌው ቅጂ እየተጫጫረ፣ እየተቆረጠና እየተቀጠለ ተመላለሰ። የእኛ ከተማ ደግሞ የምትተነፍሰው በቡና ነው። በሰኔ 1981 ዓ.ም. የዓለም ቡና ስምምነት የኮታ ሥርዓት ሲፈርስ የቡና ዋጋ ወደቀ። ሎንዶን ላይ በተነሣ ስብሰባ ምክንያት ሄርማታ ላይ ኪስ ይሳሳል፤ የቡና ልጅ ሆኖ ይህን የማያውቅ የለም። የሳሳ ኪስ መጀመሪያ የሚተወው ደግሞ መዝናኛን ነው።

በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ቪዲዮው ጎረፈ። በሄርማታ ጓሮዎች ቪዲዮ ቤቶች እንደ እንጉዳይ ፈሉ። አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ ማጫወቻ፣ ጥቂት አግዳሚ ወንበር፣ የጅማ በርጩማ፣ መስኮቱን የጋረደ ማዳበሪያ ከረጢት፤ ይኸው ነው ሲኒማው። መብራት ሲጠፋ ጄነሬተሩ ከፊልሙ ይበልጥ ይጮሃል። ጫት የያዘው ግድግዳውን ተደግፎ ይቅማል። ከቴሌቪዥኑ ጎን ደግሞ አስተርጓሚ ይቀመጣል፤ ሂንዲውን ይሁን እንግሊዝኛውን በአማርኛና በኦሮምኛ እየቀላቀለ፣ ያልተባለውንም እየጨመረ ያጫውታል። አክተሩ ሊሞት ሲል «አይዟችሁ፣ ይነሣል!» የሚል ነበር። ሙያው ከእኔ ሙያ አልራቀም። በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን የውጭ ተከታታይ ድራማዎችን በአማርኛ እያናገረ ሲመጣ አገሩ ጉድ አለ። ሄርማታ ግን ያንን ጉድ ከሃያ ዓመት በፊት በአንድ ሰው ጉሮሮ ሠርታው ነበር።

ቪዲዮ ቤቶቹም ጠፉ። ዲሽ መጣ፣ ሲዲ መጣ፣ ስልክ መጣ። አንዱ ሱቅ ሆነ፣ አንዱ ፀጉር ቤት፣ አንዱ የኳስ ማሳያ። ከትልቁ ሲኒማ ይልቅ በእውነት ዱካቸው የጠፋ እነርሱ ናቸው፤ ፎቶግራፍ የላቸውም፣ የሕንፃ ታሪክ የላቸውም፣ የመሐንዲስ ስም የላቸውም። ታዲያ ለቅሶው ድንኳን ውስጥ አንድ ሰው እንኳ ስለ ቪዲዮ ቤት ከንፈሩን አልመጠጠም። ለምን? ወራሪ ለራሱ ላሠራው ባለ ዓምድ አዳራሽ እናነባለን፤ የእኛ ሰው ከማዳበሪያ ከረጢት ለሠራው ጨለማ ግን እናፍራለን። ኀዘናችን እንኳ መደብ አለው።

ሌላም የማይነገር ነገር አለ። አዳራሹን ባዶ ያደረገው መንግሥት ወይም ቪዲዮ ብቻ አይደለም። እኛው ነን። ቪዲዮ ሲመጣ ትቼው ከሄዱት አንዱ እኔ ነበርኩ። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ጅማ ስሄድ «ገብቼ ልይ» ብዬ አላውቅም። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይባላል። እኛ የሲኒማ ናፋቂዎች አብዛኞቻችን እንዲያ ነን፤ በነበረበት ጊዜ ትተነው፣ ሲጠፋ ባለቤቱ ሆንን።

* * *

ይህን ሐሳብ ለዚያ ለክፍል ጓደኛዬ ሳጫውተው ተቆጣ። «ትዝታም ግብር ይከፈልበት እንዴ?» አለኝ። «ሰው የልጅነቱን ሲያስታውስ ማንን ጎዳ? አንተ ሁሉን ነገር ችሎት ታቀርባለህ። እኔ ያየሁትን ነው የምናፍቀው፤ ያላየችው እህትህ ስላላየች የእኔ ትዝታ ሐሰት ይሆናል?»

ክርክሩ ቀላል አይደለም። እውነት ነው፤ ደስታው እውነተኛ ደስታ ነበር። ከማናውቀው ሰው ጋር በአንድ ጨለማ ተቀምጠን በአንድ ትንፋሽ የደነገጥንበት፣ የነጋዴው ልጅና የተሸካሚው ልጅ በአንድ ቀልድ የሳቅንበት ሰዓት ሐሰት አልነበረም። ዛሬ እያንዳንዱ በየስልኩ አንገቱን ደፍቶ ለብቻው ሲስቅ ሳይ እኔም ያ የጋራ ጨለማ ይናፍቀኛል። በሩ ጠባብ ስለ ነበረ ውስጡ አልነበረም ልንል አንችልም።

ሆኖም ትዝታ ሁለት ዓይነት ይመስለኛል። አንዱ «እዚያ ነበርኩ» የሚል ነው፤ ማንንም አይጎዳም። ሁለተኛው ግን «ሰፈራችን እንዲህ ነበር» ይላል። «እኛ» ይላል። እዚህ ላይ ነው ዕዳው የሚጀምረው። «እኛ» ያለ ሰው ስለ ሌሎች መስክሯልና። «ሁላችንም ሲኒማ እንገባ ነበር» ስንል እህቴን ከሰፈሩ እናስወጣታለን። ያን ጊዜ ከአዳራሹ ቀረች፤ አሁን ደግሞ ከትዝታው። የመጀመሪያውን ያደረገው ዘመኑ ነው፤ ሁለተኛውን የምናደርገው ግን እኛው ነን፤ ያውም ማንም ሳያስገድደን።

ለጓደኛዬ ይህን ነገርኩት። ዝም ብሎ ቆየና «እንግዲያው የእኔም እህቶች አልገቡም ነበር» አለ። ሌላ አልጨመረም።

* * *

የቀረውን ታሪክ ለእርሱም አልነገርኩትም። እዚህ ልናገረው።

እህቴ አገባች፣ ወለደች፣ ልጆቿን አስተማረች። በ1996 ዓ.ም. ገደማ አዲስ አበባ ልጇ ዘንድ ሰንብታ ሳለ፣ ልጅቷ ከሲዲ አከራይ ቤት ማዘር ኢንዲያን አገኘች። «እማዬ፣ ያ ሁልጊዜ የምትነግሪን ፊልም!» ብላ አመጣችላት። ለካ እህቴ ያንን ፊልም ለልጆቿ ስትነግራቸው ኖራለች፤ በእኔ ፍጻሜ። ጠብመንጃው ተነሥቶ ሳይተኮስ።

እኔም ያን ቀን እዚያው ነበርኩ። ፊልሙ ሦስት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ሦስቱን ሰዓት እንዴት እንደ ተቀመጥኩ እኔ ነኝ የማውቀው። ብነሣ ጥፋተኛነቴን መናገር ነው፤ ብቀመጥ ደግሞ ያው ነው። እህቴ እያንዳንዱን ትዕይንት ታውቀዋለች። «አሁን ባሏ ይሄዳል። አሁን ጎርፍ ይመጣል» እያለች ለልጇ ትቀድማለች። ስታየው የመጀመሪያዋ ነው፤ የምታውቀው ግን ከእኔ በላይ ነው። ቀሚሱን፣ ማረሻውን፣ በሩን ሁሉ። የማያውቁት አገር አይናፍቅም ያለው ሰው ያን ፊቷን ቢያይ ቃሉን ይመልስ ነበር።

ከዚያ እናቲቱ ጠብመንጃውን አነሣች። ተኮሰች።

ልጅቷ ወደ እናቷ ዞረች። «እማዬ፣ አልተኮሰችም አላልሽንም?» እህቴ መልስ አልሰጠቻትም። ፊልሙ እስኪያልቅ ድረስ ዝም ብላ አየች። ከዚያ ወደ እኔ ሳትዞር፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ምነው ያኔ ብትነግረኝ» አለችኝ። «እኔ እኮ እችለው ነበር።»

ለዓመታት ያንን ውሸት የደግነት ሥራዬ አድርጌ ስቆጥረው ኖሬያለሁ። ለታመመች እህት የተነገረ መልካም ውሸት። ሐኪም ለበሽተኛ እንደሚነግረው ዓይነት። ያቺ አንዲት ዐረፍተ ነገር ግን ሒሳቡን ለወጠችው። እህቴ በአሥራ አምስት ዓመቷ ቤተሰብ የምታስተዳድር ሰው ነበረች። ዕዳ ምን እንደሆነ ከራዳ አላነሰ ታውቃለች። ሕይወት ሲከፋ ምን እንደሚመስል ሊነግራት የሚችል ሰው ከነበረ እርሱ እኔ አልነበርኩም፤ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ፣ ሃምሳ ሳንቲሙንም ከእርሷ የተቀበልኩ። ታዲያ «አትችለውም» ብዬ የፈረድኩባት እኔ ማነኝ? ሰፈሩ ከአዳራሹ በር መለሳት፤ ከእውነቱ በር የመለስኳት ግን እኔ ነበርኩ። ያውም በፍቅር። በፍቅር የተዘጋ በር ደግሞ ከሌላው ይከፋል፤ ማንኳኳት እንኳ አይቻልምና።

ስለ ጠፉት ሲኒማዎቻችን የምንጽፈውና የምናወራውም ብዙው እንዲህ ያለ ይመስለኛል። ፍጻሜውን እናሳምረዋለን። ከበሩ ውጭ የቆመውን እናወጣለን፣ የዘር ሕጉን እንዘላለን፣ ጥለነው መሄዳችንን እንረሳለን፤ ለልጆቻችን ጠብመንጃው ሳይተኮስ እንነግራቸዋለን። የምንለውም «አይችሉትም» ነው። ማን ነገረን? ምናልባት የማንችለው እኛ ነን።

እንግዲህ የነበረ ሰው ላልነበረ ሰው ያለበት ዕዳ ምንድነው ብዬ ጀምሬ ነበር። ሕንፃውን መልሶ መሥራት ቢቻል መልካም ነው፤ ያ ግን የሌላ ሰው ሥራ ነው። የእኛ ድርሻ ከዚያ ያነሰና የከበደ ነው፦ ያየነውን እንዳየነው መናገር፣ ከውጭ የቆመውን ጨምሮ። ተረቱንም እንዲህ ባስተካክለው እወዳለሁ፤ የማያውቁት አገር አይናፍቅም ሳይሆን፣ የነገሩት አገር ይናፍቃል። ስለዚህ ተናጋሪው ይጠንቀቅ።

ለቅሶው በተነሣ ማግስት፣ ወደ አዲስ አበባ ከመመለሴ በፊት፣ ከእህቴ ጋር በሄርማታ መንገድ ወረድን። ዝናቡ አባርቶ ጭቃው ገና አልደረቀም። ድሮ ቪዲዮ ቤት የነበረው ጓሮ ዛሬ የፕላስቲክ ዕቃ ይሸጥበታል። እዚህም ሴት አትገባም ነበርና ውስጡን አይታው አታውቅም። ቆም አለች።

«ቴሌቪዥኑ የቱ ጋ ነበር የሚቀመጠው?»

በጣቴ አሳየኋት።

«አንተስ የት ትቀመጥ ነበር?»

«እዚያ፣ ግድግዳው ሥር።»

«ከዚያ ደኅና ይታያል?»

«አይታይም» አልኳት። «ከፊት የተቀመጠው ሰው ራስ ይጋርድ ነበር። ግማሹን ፊልም አላየሁትም።»

ሳቀች። «ይኸው» አለች፤ «አሁን እውነቱን ትናገር ጀመር።»